ከገደቡ በታች

ኅዳር 3

የጠዋቱን የለስላሳ መጠጥ ሽሮፕ መለስኩት። ስኳሩ ከገደባችን አልፏል። በትንሹ፣ ግን አልፏል። የምርት ክፍል ኃላፊው ላብራቶሪ ድረስ መጥቶ ያፈጥብኛል። "ደንቡ እኮ ከዚህም በላይ ይፈቅዳል" ይላል። ደንቡ የፈቀደውን ሄዶ ለደንቡ ይንገረው። እኛ የራሳችን የፋብሪካ ገደብ አለን፤ ከደንቡ ጠበቅ ያለ። ለምን ጠበቀ? መለኪያ ይሳሳታል፣ ሰው ይሳሳታል፣ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ይውላል። ስለዚህ ነገሩ ገና እኛ እጅ እያለ መቆም አለበት። ይህን ስናገር ጸጉሬ ሸበተ፤ እነሱ ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይሰሙኛል።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጄ ደወለች። ለእርግዝና ክትትል ሄዳ ጣፋጭ ውሃ አጠጥተዋት፣ አስቀምጠዋት፣ ደም ወስደዋል። "ስኳር አለብሽ አሉኝ አባዬ" አለች። እየሳቀች።

ምኑ ነው የሚያስቅ?

ኅዳር 4

ሄጄ አመጣኋት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ ወር ሳይሞላው አይመለስም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ምን ልትሆን? የድሮ ክፍሏን ጠረግኩላት። እናቷ ከሞተች ወዲህ የመጽሐፍ መጋዘን አድርጌው ነበር።

ከሰዓት አክስቷ መጣች። የሚስቴ እኅት። ሬዲዮ እላታለሁ፤ ከኋላዋ ብቻ አይደለም፣ በፊቷም። ማጥፊያ የላትም። የስኳሩን ነገር ገና ሳትሰማ አንድ ካርቶን ብስኩትና የታሸገ ጭማቂ ተሸክማ መጣች።

"ነፍሰ ጡር እኮ ናት፤ ለሁለት ነው የምትበላው" አለች።

"ሐኪም ነሽ?"

"አንተስ ነህ?"

ካርቶኑን እንዳመጣችው አሸክሜ መለስኳት። በሩ ላይ ቆማ "እኅቴ ከዚህ ሰውዬ ጋር እንዴት ዕድሜዋን ፈጀች?" አለች። ለእኔ አይደለም፤ ለግድግዳው።

ኅዳር 6

ክሊኒክ። ሐኪሟ ስድሳ ሳይሞላት አይቀርም፤ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀና ብላ ሰው የማታይ። አጭር አድርጋ አስረዳች። ከእንግዴ ልጁ የሚወጣው ሆርሞን የልጄን ኢንሱሊን ያዳክመዋል። ሰውነቷ በዚያው ልክ ጨምሮ ማምረት ነበረበት፤ አልቻለም። ስኳሩ ደሟ ውስጥ ይከማቻል፣ ከእሷ ወደ ፅንሱ ይሻገራል፣ ፅንሱ ከልክ በላይ ይወፍራል። ከዚያ የወሊዱ አደጋ... ከዚያ ሌላውም።

"የማንም ጥፋት አይደለም" አለቻት ለልጄ።

ይህን ዓረፍተ ነገር አልወደድኩትም። ጥፋተኛ የሌለው ብልሽት አላውቅም።

መመሪያው፦ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት። ዳቦውንና ሩዙን መጥኖ ከእንቁላል፣ ከሥጋ ወይም ከምስር ጋር። ጣፋጭ መጠጥ የለም። ከምግብ በኋላ በእግር መንቀሳቀስ። ጣት እየተወጋ መለካት። ጠዋት ሳትበላ ከ95 በታች፤ ከበላች ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች። ይህ ካልበቃ ኢንሱሊን።

ቤት ስንደርስ አስቀምጬ ነገርኳት። የእኛ ቤት ገደብ ጠዋት 85፣ ከምግብ በኋላ 120።

"ሐኪሟ እኮ 140 ነው ያለችው።"

"እሷ ለሁሉም ሰው ነው የምትናገረው።"

ኅዳር 8

ከላብራቶሪ የቆየውን ሚዛን አመጣሁ። ሩዙ ይመዘናል። ዳቦው ይመዘናል። ሙዝ ቀርቷል፤ ወተት ቀርቷል። ሐኪሟ ወተትን አልከለከለችም፤ እኔ ግን ወተት ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ።

ጣቷን የምወጋው እኔ ነኝ። ራሷ ልትሞክር ፈልጋ ነበር፤ መርፌውን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ዓይን ጨፍኖ ናሙና አይወሰድም። እጇን ተቀብዬ ወጋሁት። ዝም ብላ ሰጠችኝ።

"አባዬ፣ እኔ ልጅህ ነኝ ወይስ ጠርሙስህ?"

"ጠርሙስ እንዳንቺ ብዙ አያወራም።"

ሳቀች። ትንሽ።

ኅዳር 12

ከቁርስ በኋላ 118። ከምሳ በኋላ 112። ከራት በኋላ 109። እንዲህ ነው ሥራ።

ኅዳር 15

ሹፌሩ ከመንገድ ደወለ። ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

"አባባ፣ ልጅቷ ርቦኛል እያለችኝ ነው እኮ።"

"ና አጥግባት ታዲያ።"

ሞተሩ ብቻ ይሰማል።

"እንደው ሐኪሟን ብትጠይቁልኝ ብዬ ነው" አለ።

ሐኪሟን ልጠይቅ? ምን ብዬ? ሁሉም ቁጥር ከገደቡ በታች ነው፤ ምን ጎድሎ? መራብና መታመም አንድ አይደለም። የሚርበው ሰው ደህና ሰው ነው።

ሬዲዮም በመስኮት በኩል እያየች አለፈች። አልገባችም። የልጄ ጉንጭ ጎድጉዷል ብላ ለሰፈሩ ማውራቷ አይቀርም።

ኅዳር 17

ጠዋት 101።

በምን? ማታ የበላችውን የመዘንኩት እኔ ነኝ። እንቁላል፣ ጎመን፣ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ዳቦ። ከዚያ ምንም።

"ሌላ ምን በላሽ?"

"ምንም።"

ኅዳር 18

ራቱን በግማሽ ቀነስኩ። ጠዋት 103።

ኅዳር 19

ዳቦውን ጭራሽ አስቀረሁት። 106።

ቀንሼ ይጨምራል? ስኳር ከየትም አይመጣም። ባዶ በርሜል ከፍቼ ሽሮፕ ቀድቼ አላውቅም። ከጠዋት እስከ ማታ የምቆጣጠረው ሁሉ ልክ ነው፤ የሚበላሸው እኔ ስተኛ ነው። ይህን ለመተርጎም ዲግሪ አያስፈልግም።

ኅዳር 20

ከሥራ ስመለስ ጓጉንቸር ቁልፍ ገዛሁ። የምግቡን ቁምሳጥን ቆለፍኩት። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ታውቂዋለሽ።"

"በእማዬ ነፍስ ምንም አልበላሁም።"

"ማሽኑ ይዋሻል ታዲያ?"

ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ወደ ክፍሏ ገባች። የሰባት ወር ሆድ... ከጎን ሲታይ ትንሽ ነው። ጥሩ። ትንሽ ይሁን።

እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ አልተናገርኩትም። ከእሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረን። እናቷ ስታረግዘው የሆዷ ነገር መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። "ይሄስ ጀግና ነው"፣ "መንታ ነው እንዴ?"፣ "ምን ብታበላት ነው?" እያሉ ትከሻዬን ይመቱኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሲወለድ አምስት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። አልተነፈሰም። ተጠቅልሎ ሲወጣ እንኳ አንዲት ሴት "ውይ፣ እንዴት ያለ ትልቅ ልጅ!" አለች። ድምጿ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስኳር ያለ ሰው አልነበረም። የለካ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ያኔም እዚያው ላብራቶሪ፣ ቀኑን ሙሉ ስኳር ስለካ ነበር የምውለው። ምክንያቱን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስለ ሌላ ነገር ሳነብ ነው።

እናቷ ሳታውቅ ሞተች። አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ስለዚህ ትቆጣ። ትጥላኝ። ይህ ልጅ ግን ይተነፍሳል።

ኅዳር 22

ክሊኒክ። ሁሉንም ልጻፍ።

ሐኪሟ ቁጥሮቹን አየች። "ከምግብ በኋላ ያሉት ቆንጆ ናቸው" አለች። "በጣም ቆንጆ።" ሁለተኛው "ቆንጆ" ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ደስ አለኝ። ልጄን ሚዛን ላይ አወጣቻት። ባለፈው የጻፈችውን አየች፣ ሚዛኑን አየች፣ እንደገና አወጣቻት። ሽንት አስመረመረች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየሁት።

"ምንድን ነው የምትበይው?"

ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

"እሳቸውን አልጠየቅኩም።"

"እሳቸው ናቸው የሚያውቁት" አለች ልጄ።

ነገርኩ። በግራም ነገርኩ። ሐኪሟ ሳታቋርጥ ሰማችኝ። ስጨርስ "140 ነው ያልኩት። 120ን ማን አመጣው?" አለች።

"ጥንቃቄ ነው። እኛ ፋብሪካ ከደንቡ በታች የራሳችን..."

"ክብደት ቀንሳለች። በዚህ ጊዜ መጨመር የነበረባት ሴት ቀንሳለች። ሽንቷ ውስጥ ኪቶን አለ። ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?"

አውቃለሁ። ሰውነቷ የራሱን ስብ እያቃጠለ ነው ማለት ነው። የሚበላው ስላጣ።

"ዝቅ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው ያለዎት ማነው? የምንፈልገው ልከኛ ስኳር ነው እንጂ የተራበች እናት አይደለም። ፅንሱም ይበላል እኮ።"

"የጠዋቱስ?" አልኩ። "የጠዋቱን ምን ይሉታል? ራቷን ቀንሼ ቀንሼ ይጨምራል።"

"ይጨምራል። ሰው ሲተኛ ጉበቱ ስኳር ይለቃል፤ የሁላችንም። የእሷ ኢንሱሊን ሆርሞኑ ስለተጫነው አይችለውም። ራት በመከልከል አይወርድም። ከመተኛቷ በፊት ትንሽ ነገር ትበላለች፣ ማታ ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። በቃ። ከአምስት ቀን በፊት ደውላችሁ ቢሆን ከአምስት ቀን በፊት እጀምርላት ነበር።"

"ስለዚህ አልሰረቀችም?"

ከአፌ አመለጠ።

"ማን? ምን?" አለች ሐኪሟ።

"የራሴን ራት" አለች ልጄ። "ቁምሳጥኑን ቆልፎታል።"

ሐኪሟ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም። አልጋ ላይ አስተኝታ በአልትራሳውንድ አየቻት። የልጁ እድገት ደህና ነው አለች። እስካሁን። "እስካሁን" የምትለውን ቃል ረገጥ አድርጋ። ኢንሱሊኑን እንዴት እንደምትወጋ አሳየቻት፤ ልጄ ዓይኗን አልጨፈነችም።

ታክሲ ውስጥ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ኅዳር 23

ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እየከተተች አገኘኋት። ሬዲዮ ቤት ልትሄድ ነው።

"እዚያ ብስኩት ነው የሚያበሉሽ" አልኩ። ሌላ ነገር ለማለት ነበር የመጣሁት።

"ቢያንስ ጠይቄ እበላለሁ።"

ያኔ ነገርኳት። የወንድሟን ነገር። ቆሜ፣ የበሩን እጀታ ይዤ። ክብደቱን ስናገር ድምፄ እንዳይሰበር ፍጥነት ጨመርኩ። ልብሷን ማጠፍ አላቆመችም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። አክስቴ ኋላ ሐኪም ጠይቃ ነግራኛለች፤ ገና ተማሪ እያለሁ። ለእማዬም ነግራታለች።" ሻንጣውን ዘጋች። "ጣቴን ዝም ብዬ የምሰጥህ ለምን ይመስልሃል?"

ሻንጣውን ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ። "ተወው" አለች። ቀላል ነው አለች።

እናቷም ታውቅ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ገበታ ላይ፣ ሁለታችንም እያወቅን... እኔ እሷን እያዳንኩ ነበር የሚመስለኝ። እሷስ?

ኅዳር 28

አልደወለችም።

ታኅሣሥ 5

ሬዲዮ ቤት ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም።

የምሳ ሰዓት ነበር። ሩዝ፣ ምስር፣ ሰላጣ፣ የተቀቀለ ሥጋ። ሬዲዮ ሰሃኑን በዓይኗ ከፍላ ነው የምታቀርበው፤ ግማሹ አትክልት፣ ከቀረው ግማሹ ሩዝ። ሚዛን የላትም። ሐኪሟ ጋ አብራት ሄዳ ተምራ መጥታለች። ብስኩቱስ? "ብስኩቱን የምበላው እኔ ነኝ፤ እኔ ነፍሰ ጡር አይደለሁም" አለች አፏን ሞልታ።

ሩዙ በዝቶ ታየኝ። ምንም አላልኩም፤ ግን ሳየው ልጄ አየችኝ። ማንኪያዋን አስቀመጠች። መጋረጃውን ማየት ጀመርኩ። መጋረጃው አበባ አለበት። አበባ ቆጥሬ አላውቅም፤ ዛሬ ቆጠርኩ። ማንኪያው እንደገና ድምፅ ሲያሰማ ዞርኩ።

ከበሉ በኋላ ሁለቱ ሊንሸራሸሩ ወጡ። ከኋላ ተከተልኳቸው። ሬዲዮ ከበሩ እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዋናው መንገድ እስከ በሩ አላቋረጠችም። ልጄ ትስቃለች። እኔ ቤት ስንት ጊዜ ሳቀች?

ስንመለስ ራሷ ጣቷን ወጋች። ማሽኑን አየችው፣ አስቀመጠችው።

"ስንት ሆነ?"

"ቁጥሩ የኔ ነው አባዬ። ለሐኪሟ እነግራታለሁ።"

"አባትሽ ነኝ እኮ።"

"አባቴ ነህ" አለች። "አባቴ ሆነህ ሻይ ጠጣ።"

ጠጣሁ። ሬዲዮ ስኳር ስንት ልጨምር አለችኝ። ነገር ፍለጋ ነው።

ታኅሣሥ 19

ክሊኒክ ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ስታልፍ ያዝኳት። ጠዋት ጠዋት ወረደላት ወይ? አልኩ። ክብደቷስ? ልጁስ?

"ታካሚዬ እርስዎ አይደሉም።"

"አንድ ቁጥር ብቻ።"

"ታካሚዬ እርስዎ አይደሉም አልኩ።" ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። "ልጅዎ ጎበዝ ናት" አለች። ሄደች።

ጎበዝ። ይህ መለኪያ ነው? ምሽቱን ሙሉ ተናደድኩ። ግን ቃሉን ይዤው ነው የተኛሁት።

ጥር 11

ሹፌሩ ፈቃድ ወስዶ መጣ። እስክትወልድ አይወጣም። ፋብሪካ በር ላይ ጠብቆ ሰላም አለኝ። ከስቷል። ስለ ቁልፉ ያውቃል፤ ዓይኑ ያውቃል። ግን "አባባ፣ ምን ልታዘዝ?" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 5

ትናንት ሌሎቹ ሁሉ ውስጥ ነበሩ፤ እኔ ኮሪደር።

ምጡን በመድኃኒት አስጀመሩላት፤ ከዚህ በላይ መቆየት አይኖርበትም ብላለች ሐኪሟ። ባሏ ገባ፣ ሬዲዮ ገባች። ማን ይግባ ተብላ ስትጠየቅ ሁለት ስም ነው የጠራችው። ወንበሩ ብረት ነው፤ ቀዝቃዛ። ፊት ለፊቴ አንድ ሰውዬ ዘቢብ እየቆረጠመ ነበር፤ ዘርግቶ ጋበዘኝ። እንቢ አልኩት። የማደርገው ስላጣሁ ኋላ ተቀበልኩት።

ማልቀሱን በግድግዳው ሰማሁት። ይተነፍሳል። ይጮሃል። ሌላ አልጽፍም ስለዚህ።

ሴት ናት። ደህና ክብደት። ሬዲዮ ወጥታ እያለቀሰች ታወራልኝ ጀመር። የሕፃኗን ተረከዝ ወጉት አለች፤ የእናቷን ስኳር ስለለመደች ሰውነቷ ብዙ ኢንሱሊን ያመርታል፣ እትብቱ ሲቆረጥ ደግሞ ስኳሩ ይቋረጣል፣ ስለዚህ ሊወርድባት ይችላል። ወርዶም ነበር። ወዲያው ጡት አስያዟት፤ ጠባች፣ እንደገና ለኩ፣ ተስተካከለ። ሬዲዮ ሁሉንም ነገረችኝ፤ የአዋላጇን ጫማ ቀለም ሳይቀር። አላቋረጥኳትም። ደገመችው። ሲደገምም ሰማሁ።

ኋላ ገባሁ። ልጄ ደክሟታል። ሕፃኗን አሳየችኝ እንጂ አላሳቀፈችኝም። "እጅህ ቀዝቃዛ ነው" አለች። እውነት ነው፤ ቀዝቃዛ ነበር።

መጋቢት 19

ከወሊድ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ዛሬ ነበር። ብዙዎቹን እናቶች ከወለዱ በኋላ ስኳሩ ይለቃቸዋል፤ አንዳንዶቹን ግን አይለቅም፤ ከዚያ ወዲህም በየጊዜው መታየት አለባቸው። ሹፌሩ መንገድ ላይ ነው፤ ሬዲዮ ጥርሷን አሟታል። ለዚህ ነው እኔ የተጠራሁት። ይህን አልረሳም።

ሳትበላ ነው የሄደችው። ደም ሰጠች፣ ያንን ጣፋጭ ውሃ ጠጣች፣ እስከሚቀጥለው ደም ሁለት ሰዓት መጠበቅ። ሕፃኗን ያዝ አለችኝ። ያዝኩ። እንቅልፍ ወሰዳት፤ ክንዴ ደነዘዘ፤ አላነቃነቅኩትም።

ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ስለ መንገዱ አቧራ ተነጋገርን። ስለ ሬዲዮ ጥርስ። ሌላ ምንም።

ሲጠሯት ገባች። ቆየች። ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ወጣች። ፊቷን አየሁት፤ ምንም አይነበብም። ከእኔ ነው የወረሰችው።

"አባዬ" አለች፣ "ርቦኛል።"

ክሊኒኩ ፊት ለፊት ሱቅ አለ። ሕፃኗን ሰጥቻት መንገዱን ተሻገርኩ። ባለሱቁ "ምን ልስጥዎ?" ሲለኝ ተደናገርኩ። ስንት? ምን ያህል? እንቁላል ያለው ዳቦ ነበር፤ ሁለት ገዛሁ፤ ከበሩ ተመልሼ ሦስተኛ ጨመርኩ። ውሃም።

አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በላች። አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን ያዘች። አየኋት። የምትበላ ሴት ማየት ከዚህ በፊት የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛውን ጨርሳ ፍርፋሪውን ከሕፃኗ ብርድ ልብስ ላይ አራገፈች።

"ሦስተኛውን አንተ ብላው።"

በላሁት።

ውጤቱን አልነገረችኝም። ማታ ሬዲዮ ለጥርሷ ምን እንደሚሻል ልትጠይቀኝ ደወለች። ውጤቱን ታውቃለች፤ ከድምፅዋ ያስታውቃል። ጥሩ ይሁን መጥፎ ግን አያስታውቅም፤ ያቺ ሴት በዕድሜዋ አንዴ ዝም ማለት ቻለች። በጨው ውሃ ተጉመጥመጪ አልኳት።

አልጠየቅኳትም።